በባትሪ ቀፎ ያበቀልኩት ጤና አዳም

ባትሪ ለምትሸጡ፣ አሮጌውን ለምትሰበስቡ፣ ባዶ ቀፎውን «ምን የመሰለ ዕቃ ነው!» ብላችሁ ቤታችሁ ለምታስገቡ ነው ይህን የምጽፈው። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። ቀኝ እጄም ገና በቅጡ አልተመለሰልኝም፤ ግማሽ ገጽ ስሞላ ይዝልብኛል፣ አሳርፈውና እንደገና እጀምራለሁ። እዚህም እዚያም ብረግጥ ታገሡኝ።

ዘነበች እባላለሁ። መቱ ላይ «እትዬ ዘኑ ባትሪ ቤት» ካላችሁ የትኛውም የባጃጅ ሹፌር ደጄ ያደርሳችኋል። ያገኘኝ በሽታ የእርሳስ መመረዝ ይባላል፤ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ቀስ እያለ ደሜ ውስጥ ገብቶ ነው። ለራሴ ያን ያህል አልፈራሁም፣ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ድሬ ኩያለሁ። የፈራሁት ያዮ ላለው የልጄ ልጅ ነው። ገና ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን መርዝ ወስጄለት ይሁን አይሁን ሳላውቅ ወራት ከርሜያለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ነው የምነግራችሁ።

ሱቁን የከፈተው ባለቤቴ ገመቹ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። አዲስ ባትሪ እንሸጣለን፣ የደከመውን ቻርጅ እናደርጋለን፣ የሞተውን እንገዛለን። ባጃጆቹ ጠዋት ማታ ደጃችን ናቸው፤ ከዳሪሙ በኩል ደግሞ ገበሬዎች የሶላር ባትሪያቸውን በትከሻ ተሸክመው ይመጣሉ። ገመቹ ካረፈ በኋላ ሥራውን ብቻዬን ያዝኩት። ሴት ባትሪ ስትሰብር አይተው የሚሳሳቁ ነበሩ። ይሳቁ! አንድ ልጄን ጫልቱን አስተምሬ የዳርኳት በዚያው መዶሻ ነው።

አሮጌውን የሚወስደው ነጋዴ በጭነት መኪና ከሩቅ ይመጣል። የሚፈልገው እርሳሱን ብቻ ነው። «እኔ ውኃና ላስቲክ አላጓጉዝም፤ ደፍተሽ፣ አራግፈሽ ጠብቂኝ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ጓሮ እወስደውና አሲዱን ቦይ ላይ እደፋለሁ፣ ክዳኑን በመጋዝ እቆርጣለሁ፣ ውስጡ የተደረደሩትን የእርሳስ ፕሌቶች በመዶሻ እያላቀቅኩ ጆንያ ውስጥ እጨምራለሁ። ግራጫ አቧራ ይነሳል። ልብሴም ጸጉሬም ቅንድቤም ያው ግራጫ ነው። ጓንት የለ፣ ጭምብል የለ። «ወተት መርዝ ይሰብራል» ይል ነበር ገመቹ፤ እኔም ሥራ ስጨርስ በዚያው እጄ አንድ ብርጭቆ ወተት እጠጣና መርዙን ሰበርኩት ብዬ እተኛለሁ። ጓሮ ከተጠራቀመው ውኃ የጠጡ ዶሮዎቼ ተራ በተራ ሲሞቱ እንኳ ፈንግል ነው ብዬ አለፍኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔን ነው።

ሕጉን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ባትሪ የምንሸጠውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው አሠልጥነውናል። ኦቦ ደረጄ የሚባሉ ከአካባቢ ጥበቃ የመጡ ቀጭን ሰውዬ መጀመሪያ በኦሮምኛ አነበቡ፣ ቀጥለው በአማርኛ ደገሙት። አዲስ ባትሪ የሚሸጥ አሮጌውን የመቀበል ግዴታ አለበት። የተቀበለውን አይከፍትም፣ አይሰብርም፣ አሲዱን አይደፋም። ጣሪያ ባለበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ቦታ ቀጥ አድርጎ ያቆየዋል። ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ብቻ፣ ሙሉውን እንዳለ፣ በርክክብ ቅጽ ያስረክባል። ባዶ ቀፎ ውኃ አይቀዳበትም፣ እህል አይቀመጥበትም፣ ተክል አይተከልበትም። ይህ ሁሉ ሲነበብ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ከጎኔ ካለችው ሴት ጋር ስለ በርበሬ አወራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄያለሁ።

«ኦቦ ደረጄ፣ ያ ፈቃድ ያለው ሰብሳቢ መቱ የሚመጣው መቼ ነው?»

«እሱን እየተነጋገርንበት ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ ሕጉም ትንሽ አረፍ ይበል» አልኩና አዳራሹን አሳቅሁት። ሰውዬውም ሳቁ፣ ግን የድካም ሳቅ ነበር። ሲወጣ ወረቀት ሰጡን፤ ፈርሙ አሉን፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን ቤት ወስጄ የመደርደሪያ ምንጣፍ አደረግኩት። ኦቦ ደረጄ አንዴ ሊያዩኝ ሲመጡ ጓሮውን በሸራ ሸፍኜ፣ የፊቱን ሱቅ ጠርጌ ተቀበልኳቸው። «ጥሩ ነው፣ እትዬ» ብለውኝ ሄዱ።

አሁን ወደ ጤና አዳሙ ልምጣ። ክዳኑ የተቆረጠ የባትሪ ቀፎ መቼም ሲያዩት ያምራል፤ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያበሰብሰው፣ ፀሐይ አይሰነጥቀው። መጣል አሳዘነኝ። በአመድና በውኃ አሽቼ አጥቤ፣ ሥሩን በምስማር በስቼ፣ የጓሮ አፈር ሞልቼ ጤና አዳም ተከልኩበት። አመድ አሲድ ያበርዳል፤ ያንን አውቃለሁ። እርሳስን ግን አመድ ምንም እንደማያደርገው ማን ይንገረኝ? ጸደቀ፤ እንዴት ያለ ጤና አዳም! ደጄ ላይ ደረደርኩት። የሚያልፈው ሁሉ «እትዬ ዘኑ፣ እጅሽ ይባረክ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ስመሰገን አልችልም፣ መስጠት እጀምራለሁ። ጎረቤቴ አስካለ ቅመም ትሸጣለች፣ ለሷ አንድ ቀፎ። ለሰንበቴ ጓደኞቼ አንድ አንድ። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ቀፎ ሰፈር ውስጥ ዘርቻለሁ። አሥረኛውን ይዤ ያዮ ሄድኩ።

ጫልቱ ወልዳ ነበር። ወንድ ልጅ፤ ስሙን ኦብሳ አሉት፣ ትዕግሥት ማለት ነው። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ቅቤና ገንፎ እህል ተሸክሜ፣ ከላይ ያንን ቀፎ ታቅፌ ነው ከሚኒባስ የወረድኩት። «ሆዱን ሲነፋው ቅጠሉን አሽተሽ በለብ ያለ ውኃ ጠብ ጠብ አድርጊለት» አልኳት። «አንቺን ያሳደግኩሽ በሱ ነው።» «እሺ እማዬ» አለች። ጫልቱ ከልጅነቷ ጀምሮ መልሷ እሺ ነው፤ እኔም ከእሺ ሌላ መልስ እንድትሰጠኝ ዕድል የምሰጣት ሴት አልነበርኩም። መቱ ከተመለስኩ በኋላ በስልክ በሁለት በሦስት ቀን እጠይቃታለሁ። «እየሰጠሽው ነው?» «እየሰጠሁት ነው እማዬ።» ደስ ይለኛል።

በሽታው የጀመረኝ እንደዚህ ነው። ምላሴ ላይ ሳንቲም ያስቀመጡብኝ ይመስል ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይለኝ ጀመር። ከዚያ ሆዴ። በአምስት ቀን በስድስት ቀን አንዴ እንኳ መጸዳዳት አቃተኝ። ቁርጠቱ ሲነሳ ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ ነው የማሳልፈው፤ ደንበኛ ቆሞ «እትዬ፣ ባትሪው ሞላ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም ለሆድ ቁርጠት የማውቀውን መድኃኒት ወሰድኩ። ጠዋት ከደጄ ጤና አዳም ቀንጥሼ አኝካለሁ፣ ማታ አፍልቼ እጠጣለሁ። ሲብስብኝ መጠኑን እጨምራለሁ።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ፣ ጨጓራ ነው ብለው የሚመጠጥ ሰጡኝ። አልተሻለኝም። አንድ ክሊኒክ ገባሁ፣ ደም አዩና ታይፎይድ ነው አሉ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሌላው ደግሞ አሜባ አለ። ሦስተኛው «ደምዎ አልቋል» ብሎ የደም ማነስ ኪኒን አዘዘልኝ፤ እሱ ጭራሽ ሆዴን እንደ ድንጋይ አደረገው። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ ነገሩ። አልፈርድባቸውም። ካርድ ሲያወጡ ሥራ ይሉኛል፣ «ነጋዴ» እላለሁ፣ ነጋዴ ብለው ይጽፋሉ። እነሱም ምን ትነግጃለሽ አላሉኝ፣ እኔም አልነገርኳቸው። ጨጓራና ባትሪ ምን አገናኘው?

ከሆዴ ይልቅ ያዋረደኝ ጸባዬ ነው። ድሮም ለስላሳ አልነበርኩም፤ አሁን ግን እሳት ሆንኩ። ባጃጅ ሹፌሮቹን እሰድባለሁ፣ ዕቃ ያኖርኩበትን እረሳለሁ፣ በረሳሁት ሌላውን እከስሳለሁ። ጫልቱ ደውላ «ሱቁን ዝጊና እኔ ጋ ነይ፣ ታርፊያለሽ» ስትለኝ፣ «የኔን ሱቅ የምታዘጊኝ አንቺ ማን ነሽ?» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ሳምንት አልተነጋገርንም። ማታ ማታ እጄ ይደነዝዝና ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አሻሸዋለሁ፤ ገመቹም ሲሞት እጁ ሰንፎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። «ነርቭ ነው» ተብሎ ነበር ያን ጊዜ። ይህን ለማንም አላወራሁም።

አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ቁልፉን መያዝ አቃተኝ። ወደቀ፤ አነሳሁት፤ ወደቀ። አስካለ ከቅመም ሱቋ ታየኛለች።

«ዘኑ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ብሎ ነገር የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ነይ፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለችና ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ባጃጅ ላይ ጫነችኝ።

የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተቀመጥን። ሰው እንደ ገበያ ነው። የሚያስለው ያስላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስም የምትጠራዋ ነርስ ብቅ ስትል ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ቁርጠቱ ተነሳብኝና ወገቤን አጥፌ ስቃትት ከፊቴ ተራ የያዙ እግራቸው በጨርቅ የታሰረ የዳሪሙ ሰውዬ ዞረው አዩኝ። «ሃርሜ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉኝ፤ እናቴ ማለታቸው ነው፣ በዕድሜ ቢበልጡኝ እንጂ አያንሱኝም። «የኔ እግር ነው፣ እግር ይቆያል።» ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያ ቀን ከሐኪም የተገናኘሁት በሳቸው ተራ ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ካርዴን አየች።

«እማማ፣ ነጋዴ ነዎት። ምን ይነግዳሉ?»

«ባትሪ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አዲስ ብቻ ነው የሚሸጡት?»

«አሮጌም እገዛለሁ።»

«አሮጌውን ምን ያደርጉታል?»

አስካለ ቀደመችኝ። «ትሰብረዋለች፣ ዶክተር! በመዶሻ ነው የምትፈልጠው።»

ሐኪሟ እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው መዳፍዎን ቀና ያድርጉ አለችኝ። የግራው ቀና አለ። የቀኙ ከአንጓው ታጥፎ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ እያዘዝኩት አልሰማ አለኝ። ከዚያ ከንፈሬን በጣቷ ገልጣ ድዴን በባትሪ መብራት አየች። ጥርሴ ሥር ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር አለ አለች። እርሳስ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ሆድ እንደሚያደርቅ፣ ደም እንደሚያሳንስ፣ እጅ እንደሚያሰንፍ፣ ሰውን ቁጡ እንደሚያደርግ እየዘረዘረች ነገረችኝ። እያንዳንዱን ስትጠራ አስካለ «እሱም አለባት፣ እሱም አለባት» ትላለች። ወተቱን ጠየቅኋት። «ወተት ምግብ ነው፣ እማማ፤ እርሳስ አያወጣም» አለች።

«ቤት ውስጥ የሚወስዱት ሌላ ነገር አለ? የባህል መድኃኒት?»

«ኧረ ምንም፤ ጤና አዳም ብቻ ነው።»

«ከየት ያመጡታል?»

«ከደጄ። በባትሪ ቀፎ አብቅዬ።»

 አስካለ ወደኔ ዞረች፤ ለሷም ሰጥቻታለሁና። ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ ዋናው ጥፋት የጓሮው አቧራ እንደሆነ፣ ግን አፈሩም ውስጥ ቅጠሉም ላይ ያው እርሳስ እንዳለ፣ መድኃኒት ያልኩት እንደጨመረብኝ አስረዳችኝ። የምትለው ግማሹ አልተሰማኝም። እኔ ያዮ ነኝ።

«ለሕፃን ቢሰጥስ?» አልኳት።

ቀና አለች። «የትኛው ሕፃን?»

ነገርኳት። ሕፃን ላይ ትንሹም ብዙ ነው፣ አእምሮውን ይጎዳል አለች። እኔም እሱም አዲስ አበባ ሄደን ደማችን መመርመር እንዳለበት ጽፋ ሰጠችኝ፤ ምርመራው መቱ አልነበረም። ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለጫልቱ ደወልኩ፤ አይሠራም። እንደገና ደወልኩ። ያዮ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። እስከ ማታ ስደውል ዋልኩ። አስካለ ቤቷ ገብታ የሰጠኋትን ቀፎ ወደ ውጭ ስትወረውረው ሰማሁ፤ አልተቀየምኳትም።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ስደርስ ጫልቱ የሕፃን ጨርቅ ታሰጣለች። ሳልስማት፣ «ኦብሳ የት አለ?» አልኳት።

«ተኝቷል። እማዬ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል? አመድ መስለሻል እኮ!»

«ጤና አዳሙን ዛሬ ሰጥተሽዋል?»

«አዎ፣ ጠዋት ላይ ትንሽ...» ብላ ጀመረች፤ ለምዳዋለችና።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «መርዝ ነው» አልኳት። «ያ ቀፎ መርዝ ነው፣ እኔንም የገደለኝ እሱ ነው። ወይኔ፣ ልጅሽን ጨረስኩት!»

ጨርቁን ጣለችና ትከሻዬን ያዘች። «እማዬ፣ ስሚኝ። አንድም ቀን አልሰጠሁትም።»

«አሁን አዎ አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው። ሁልጊዜም ስዋሽሽ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን ጠብ እንዳታደርጊበት ብላኛለች። ቀፎው ይኸው ከቤቱ ጀርባ ነው፣ ውኃ እንኳ አጠጥቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ እዚህ ድረስ መጥተሽ ራስሽ ታጠጪው ነበር።»

 መጥቼ አጠጣው ነበር፤ እሷንም «አሁን አንቺ ነሽ ልጅ ማሳደግ የምታስተምሪኝ?» እላት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ዞሬ አየሁት። ጤና አዳሙ ደርቋል፣ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ቀርቷል። ቅርንጫፉ በራሱ ረግፎ ነው ወይስ ተቀንጥሶ? አጎንብሼ ስመረምር ቆየሁ፣ አልታወቀኝም። አዎ ስትለኝ የከረመችው ልጄ አይ ስትል እንዴት ልመናት? አሳዝኛት፣ ልታረጋጋኝ ብላ ቢሆንስ? ይህ ጥርጣሬ ከሆድ ቁርጠቱ የባሰ ነበር፤ በኪኒን አይለቅም።

አዲስ አበባ ሦስታችንም ሄድን። ኦብሳን ሲወጉት እሱ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ይላካል፣ ሳምንታት ይወስዳል ተባልን። የሐኪሙ የመጀመሪያ ትእዛዝ ኪኒን አልነበረም፤ «ያንን ጓሮ ይራቁ» ነው። ስለዚህ ያዮ፣ ልጄ ቤት ገባሁ። ሱቁ ተዘጋ። ሥራ የለመደ ሰው ቁጭ ብሎ ሲውል ቀኑ አያልቅም። ኦብሳን አቅፌ ዓይን ዓይኑን አያለሁ፤ ሳቅ ሲል እደሰታለሁ፣ ሲነጫነጭ «ይኸው ጀመረው» እላለሁ። ጫልቱ ታየኛለች።

የኔ ውጤት መጣ፤ ብዙ እርሳስ አለበት። የሚዋጥ እንክብል ታዘዘልኝ፤ ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ እየያዘ በሽንት ያወጣል አሉኝ። የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ስውጠው አፍንጫዬን እይዛለሁ። እሱም እንደ ልብ አይገኝም፣ እየተፈለገ ነው የሚመጣው። የኦብሳስ? «የሕፃኑ ደም ረግቷል፣ አልሠራም፤ እንደገና ይምጣ» አሉን። ያን ቀን ደከመኝ። መታመም አይደለም የደከመኝ፣ መጠበቅ ነው። እንደገና አውቶቡስ፣ እንደገና መርፌ፣ እንደገና ለቅሶ፣ እንደገና ሳምንታት።

በዚህ መሀል መቱ ተመልሼ አስካለ ቤት አረፍኩ። አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር፤ የሰጠኋቸውን ቀፎዎች መልሶ መሰብሰብ። በኛ ዘንድ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። በር አንኳኳሁ፣ «የሰጠሁሽን መልሺልኝ» አልኩ። አንዷ ተቆጥታ «ዘኑ፣ አሁን ለጤና አዳም?» አለችኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋት፤ ከአንጓው ሲወድቅ አየች፤ ሄዳ አመጣችልኝ። አንዷ ደግሞ ቅጠሉን ቀጥፋ አስቀርታ ቀፎውን ብቻ ልትሰጠኝ ስትል ደጇ ላይ ጮኼባታለሁ። ሰፈሩ ሰማ። ይስማ። ዘጠኙንም ሰብስቤ፣ የደጄንም ጨምሬ፣ ቅጠሉን የበሉት ሁሉ ሐኪም እንዲያያቸው ለምኜ፣ ቀፎዎቹን ከነአፈራቸው ሱቁ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ደረደርኳቸው።

ከዚያ ኦቦ ደረጄ ቢሮ ሄድኩ። «ያን ቀን ያሳቅሁብዎት ሴት ነኝ» አልኳቸው። ጓሮዬን ነገርኳቸው፣ ሸራውንም ጭምር። ይቀጡኛል ብዬ ነበር። መቀጫውንስ አልተዉልኝም፤ ግን መጀመሪያ ወንበር ሳቡልኝ። «እኔም እኮ ሸራውን መግለጥ ነበረብኝ፣ እትዬ» አሉ። ሰብሳቢው ባትሪው በርከት ሲል ብቻ ነው የሚመጣው፤ ነጋዴው ሁሉ እየሰበረ ስለሚሸጥ ደግሞ አይበረክትም። ስለዚህ እሳቸውና እኔ ከሱቅ ሱቅ ዞርን። እሳቸው ሕጉን ያነባሉ፣ እኔ እጄን አሳያለሁ። ከሁለታችን የትኛው እንደሠራ አላውቅም፤ አንዳንዱ ሰማን፣ ከአንዳንዱ ጓሮ ግን አሁንም የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። መኪናው ግን በመጨረሻ መጣ።

በመጣ ቀን ጫልቱ ኦብሳን አዝላ፣ አሥረኛውን ቀፎ በላስቲክ ጠቅልላ ከያዮ ደረሰች። ሰብሳቢዎቹ ጓንት አጥልቀው ባትሪዎቹን ቀጥ እንዳሉ ይጭናሉ፤ የጓሮዬን የላይኛውን አፈር ሳይቀር በበርሜል ዘግተው ወስደዋል። ኦቦ ደረጄ የርክክብ ቅጹን ሰጡኝ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀኝ። ልፈርም እስክሪብቶውን በግራዬ ስይዝ የጫልቱ ስልክ ጠራ። ከአዲስ አበባ ነው።

ሰማች። «እሺ። እሺ። አመሰግናለሁ» አለች። ስልኩን ዘጋችና ወደኔ ዞረች።

«ንጹሕ ነው፣ እማዬ። የኦብሳ ደም የሚያሰጋ ነገር የለበትም።»

ሰው መሀል መሆኔን ረሳሁ። ኦብሳን ከጀርባዋ ሳታወርደው አቀፍኳቸው፤ ሁለቱንም። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። «እንኳን ዋሸሽኝ» አልኳት። «እንኳንም ዋሸሽኝ፣ ልጄ። ሳላምንሽ ስለከረምኩ ይቅር በይኝ።»

«ተይ እማዬ፣ አልቋል።»

«አላለቀም። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባልኩሽ ነገር ሁሉ እሺ እንዳትዪኝ። ካልመሰለሽ ፊት ለፊት እንቢ በዪኝ። ሰማሽ? ቃል ግቢልኝ!»

ጫልቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እሺ እማዬ» አለች።